ልጄ በነጻ ተሰናበተ፤ እኔ ግን ጥያቄዬን አልጨረስኩም

ባለፈው ሰሞን ትልቁን ልጄን ተከትዬ ፍርድ ቤት ስመላለስ ከረምኩ። ይዤው ሄድኩ እንዳልል 21 ዓመቱ ነው፣ በቁመትም በልጦኛል። የተከሰሰው ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ አሽከርክረሃል ተብሎ ነው። ሰው አልተገጨም። መኪናው ላይ ጭረት እንኳ የለም። "ለዚህች ነው እንዴ ችሎት ለችሎት የምትንከራተቱት?" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። አዎ፣ ለዚህች ነው። ለምን እንደሆነ ግን በሁለት ቃል ስለማይመለስ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ቦታው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነው። ባሕር ዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ግንቦት 2016 ላይ የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው። አሮጌው ድልድይ ላይ ከሲኖትራክና ከባጃጅ ጋር ተጋፍቶ ለኖረ ሰው ይሄኛው ሜዳ ነው የሚመስለው። አስፋልቱ ለስላሳ፣ መንገዱ ወለል ያለ፤ እግር ሳይታወቅ ቤንዚን ላይ ይጫናል። ግን አመሻሽ ላይ የከተማው ሰው እዚያ ነው። ዓባይን ሊያይ የወጣ አለ፣ ፎቶ የሚነሳ አለ፣ ከአባቱ ጋር ብስክሌት የሚለማመድ ሕፃን አለ። ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት ከተማ ናት፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ፔዳል ላይ ነው። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ከኋላው የሚመጣውን አያይም፤ አሽከርካሪው ያየኛል ብሎ አምኖ ነው የሚሄደው።

ልጄ የአባቱን ቪትዝ ይዞ ወደ ጎንደር መውጫ ሲሻገር ነው የተያዘው። ድልድዩን እንደጨረሰ ትራፊክ አስቆመው፣ መንጃ ፈቃዱን ተቀበለውና የክስ ወረቀት ሰጠው። ወረቀቱን ያወጣው ማታ ራት ላይ ነው። አራት ቦታ የታጠፈች ትንሽ ወረቀት ናት። የታርጋ ቁጥር፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። የጥፋቱ ዓይነት በሚለው ላይ "በ60 ማሽከርከር ሲገባው በ82" ተብሎ ተጽፏል። ከታች አንድ ፊርማ አለ። ያቺን አንድ ፊርማ ልብ በሉልኝ።

"እማ፣ እኔ አይደለሁም" አለ። "ድልድዩ ላይ ሌላ ነጭ ቪትዝ አልፎኝ ሄዷል። መሣሪያው ያየው እሱን ነው። ያስቆሙት ግን እኔን።"

ነጭ ቪትዝ በዚህ ከተማ ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ። ሊሆን ይችላል አልኩ በልቤ።

አባቱ "ክፈልና ተገላገል" አለው። ወንድሜ እኛ ጋ ራት ሊበላ መጥቶ ነበር፣ እሱ ደግሞ ስልኩን አወጣ። "ምን አደከማችሁ? እዚያ የማውቀው ልጅ አለ፣ በአንድ ስልክ ያልቃል" አለ። በክፋት አይደለም፤ ለእህቱ ልጅ አስቦ ነው። እኛ ጋ ዘመድ መውደድ አንዱ መገለጫው ይኼ ነው፣ ለሰው መደወል። እኔ ግን ስልኩን አስቀምጥ አልኩት። ቤቱ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ።

ስልኩን ለምን እንደጠላሁት ልንገራችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ሰኔ ሲደርስ ወላጅ ይመጣል። ልጁ ወድቋል፤ የወደቀው ደግሞ ስላልሠራ ነው። ወላጁ "እንደው በናትሽ፣ ትንሽ ማርክ ፈልጊለት" ይላል። ልጁ ከጎኑ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ያንን ልጅ ከዚያ በኋላ ማስተማር እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቀው ያስተማረ ሰው ብቻ ነው። ሳይሠራ የሚያልፍበት በር እንዳለ አይቷላ! የሒሳብ ማርክ ሲሆን ግን ጉዳቱ ቢበዛ በራሱ በልጁ ላይ ነው። መኪና ሲሆን የሚጎዳው እዚያ ድልድይ ላይ ብስክሌት የሚለማመደው የሰው ልጅ ነው። ልጄ መሪ ጨብጦ ያንን በር እንዲያውቀው አልፈልግም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አስቀመጥኩለት። ነድተህ ከሆነ ከራስህ ኪስ ትከፍላለህ። ከትምህርት በተረፈው ሰዓት ኮምፒውተር እየጠገነ የሚያገኛት ገንዘብ አለችው፣ ከእሷ። አልነዳሁም የምትል ከሆነ ደግሞ ሄደህ ዳኛ ፊት ቆመህ በራስህ አፍ ትናገራለህ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ አንድ ቃል አልናገርልህም። "እከራከራለሁ" አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የወረቀት ሩጫ አላረዝመውም። ክሱን አላምንም አለ፣ ጉዳዩ ወደ ዓቃቤ ሕግ ሄደ፣ መጥሪያ ደረሰው። በመሀል ብዙ "ነገ ተመለሱ" ነበረበት። ለአንድ ማኅተም ግማሽ ቀን መቆም ሰውን ምን ያህል "ከፍዬ ልገላገል" እንደሚያስብለው እዚያ ነው የገባኝ። ንጹሕ ሆኖም የሚከፍለው ሰው ጥቂት አይመስለኝም፤ ቀኑን ከሚያቃጥል ገንዘቡን ቢያቃጥል ይሻለዋል። ይሄ ደግሞ ጥሩ አይደለም። ክፍያው ትምህርት የሚሆነው ሰውዬው ያጠፋውን አምኖ ሲከፍል ነው።

የቀጠሮው ቀን ማለዳ ሄድን። የፍርድ ቤት በር ላይ ያለውን ዓለም ያላየ ቢያየው ጥሩ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ከደጅ ጀምሮ ተደርድረዋል። ራፖር ጸሐፊዎች ጥላ ሥር ቁጭ ብለዋል፤ ከፊታቸው ነጠላ ያጣፉ እናት ጉዳያቸውን ከመጀመሪያው ሲተርኩ ጸሐፊው "እማማ፣ ቀኑን ብቻ ይንገሩኝ" ይላል። ፍተሻ ላይ ሴት ለብቻ ወንድ ለብቻ። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ሰው በየጉዳዩ ተሰብስቧል፤ እዚህ የውርስ፣ እዚያ የፍቺ፣ ወዲያ የድንበር። የእኛ ችሎት በር ላይ አሽከርካሪዎች ቆመዋል። በአነጋገራቸው ይለያሉ። "ትርፍ ጭነህ ነው?" "አይ፣ ቦሎ ነው።" "እኔ የተከለከለ ቦታ ማቆም።" ልጄ ዝም ብሎ ይሰማል። ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ነው የመጣው። አንገቱ ላይ ላቡ ይታየኛል።

ገብተን ተቀመጥን። ችሎት አስከባሪው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ "እናቴ፣ ስልክዎን ያጥፉልኝ" አለ። ዳኛዋ ሲገቡ ሁላችንም ተነሣን። ወጣት ናቸው፤ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው፣ ነገር ግን አንድም ቃል አያመልጣቸውም።

ከእኛ መዝገብ በፊት የቀረቡት ጉዳዮች ለብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ የሚጠፉ አይመስለኝም። አብዛኛው ቶሎ ቶሎ ያልፋል። ያለ መንጃ ፈቃድ የተያዘ የባጃጅ ልጅ አለ፣ "አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ" አለ፣ ተቀጣ፣ ወጣ። አንዱ ጉዳይ ግን አላለፈም። የተከሰሰው ባጃጅ ነጂ ከእኔ ልጅ በዕድሜ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። የገጫት ልጅ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ግራ እግሯ እስከ ጉልበቷ ድረስ ጀሶ ነው። ጀሶው ላይ የክፍል ጓደኞቿ ስማቸውን በስክሪብቶ ጽፈውበታል። አንዱ ስም ቦታ አንሶት የመጨረሻው ፊደል ተረከዟ ጋ ተጠማዟል። ልጅቷ የችሎቱን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠረችውም፤ የእናቷን የነጠላ ጥለት በጣቷ ትከተላለች።

አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተነሥተው "ክብርት ዳኛ፣ እኛ ታርቀናል፤ ሕክምናውን ችሏል፣ ካሣም ተነጋግረናል" አሉ። ዳኛዋ በአክብሮት አዳመጧቸው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው እንዴት እንደሆነ ጠየቁት። "ድንገት ገባችብኝ፤ ፍሬን ይዣለሁ፣ አልቆመልኝም" አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። መዝገቡ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። እናትየው ልጇን አቅፋ ስትወጣ ጀሶው የወንበሩን ጠርዝ ነካ፣ ልጅቷ ፊቷን ቋጠረች፣ አላለቀሰችም። ልጄን ዞሬ አየሁት። እሱ ወለሉን ነው የሚያየው።

"ፍሬን ይዣለሁ፣ አልቆመልኝም" የሚለው ነገር አልለቀቀኝም። ሒሳቡን ስለማውቀው ነው። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ያ 17 ሜትር ፍሬን ሳይያዝ ያለቀ መንገድ ነው። በ82 ሲሆን 23 ሜትር ይሆናል። ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ60 ወደ 82 ሲኬድ ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ አካባቢ ነው፤ የመቆሚያ ርቀቱ ግን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ቀመር ነው። እዚያ ወንበር ላይ ግን ጀሶ ለብሶ አየሁት።

የእኛ መዝገብ ተጠራ። ልጄ ተነሥቶ ቆመ። ዳኛዋ ክሱን አነበቡለትና "ድርጊቱን ፈጽመሃል?" አሉት። "አልፈጸምኩም" አለ። ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው። ዓቃቤ ሕጉ ምስክሮች አሉኝ አለ፤ የዚያን ቀን ግን አልቀረቡም ነበርና ሁለቱም ትራፊኮች፣ ያስቆመውም መሣሪያውን የያዘውም፣ እንዲቀርቡ ታዝዞ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ወጥተን ሻይ ጠጣን። ስለ ክሱ አንድ ቃል አላወራንም፤ ስለ ልጅቷ ብቻ። "ስማቸውን ጽፈውላታል፣ አየሽ?" አለኝ።

በመሀል ስለ ፍጥነት መለኪያ መሣሪያ አነበብኩ። ሊሟገት የሚሄድ ሰው ማወቅ አለበት ብዬ ልጄንም አስነበብኩት። ራዳር የሚሠራው የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ነው። ሞገዱ መኪናው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ይቀየራል፤ ከዚያ ልዩነት ፍጥነቱ ይሰላል። አሽከርካሪዎች "መሣሪያው ይጨምራል" ሲሉ እሰማለሁ። ከጎን በኩል በማዕዘን ሲለካ እንኳ መሣሪያው የሚያሳየው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ነው፤ ያ ልዩነት የሚጠቅመው ነጂውን ነው። ችግር የሚመጣው በሌላ በኩል ነው። ሞገዱ እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል። ሁለት መኪና ተጠጋግቶ ከመጣ መሣሪያው ቁጥር ይሰጣል እንጂ የማን ቁጥር እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚለየው የያዘው ሰው ዓይን ነው። ስለዚህ የያዘው ሰው ምስክርነት ከሌለ ማስረጃው ግማሽ ነው።

በሁለተኛው ቀጠሮ አንደኛው ትራፊክ ቀረበ። ወረቀቱን የጻፈው እሱ ነው፣ ያቺ ፊርማ የእሱ ናት። ማለ፣ መሰከረ። ደህና ሰው ነው፤ ይሄን የምለው ልጄን ከሶታል ብዬ እንዳልበድለው ነው። ፊቱ ፀሐይ የበላው፣ ቀኑን ሙሉ አቧራና ጭስ መሀል ቆሞ የሚውል ሰው ፊት ነው። "ከባልደረባዬ ጋር ተመድበን ነበር" አለ። "እሱ መሣሪያውን ይዞ ወዲያ ማዶ ነበር፣ እኔ መውጫው ላይ። ነጭ ቪትዝ በ82 እየመጣልህ ነው ብሎ ደወለልኝ። ተከሳሹን አስቆምኩት።"

ዳኛዋ ልጄን ጥያቄ እንዳለው ጠየቁት። ወረቀት ላይ ጽፎ ይዟል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።

"ባልደረባዎ የታርጋ ቁጥር ነግረውዎት ነበር?"

"ቀለሙንና ዓይነቱን ነው የነገረኝ።"

"ከእኔ በፊት ሌላ ነጭ ቪትዝ አልፎ ነበር?"

ሰውዬው አሰበ። በቀላሉ "አላለፈም" ማለት ይችል ነበር፤ ማንም አያስተባብለውም። "ሊያልፍ ይችላል፤ ብዙ መኪና ነበር" አለ። ያንን መልሱን ስሰማ አከበርኩት።

ዳኛዋ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። "ፍጥነቱን መሣሪያው ላይ አንተ አይተኸዋል?"

"አላየሁትም ክብርት ዳኛ። ያየው ባልደረባዬ ነው።"

ባልደረባው ግዳጅ ላይ ነው ተባለ። ዓቃቤ ሕጉ ተጨማሪ ቀጠሮ ጠየቀ። ዳኛዋ ቀድሞውንም ሁለቱም እንዲቀርቡ ታዝዞ እንደነበር ከመዝገቡ አነበቡና አልፈቀዱም። ጥቂት ከጻፉ በኋላ ብይኑን ነገሩን። የቀረበው ምስክር ፍጥነቱን በዓይኑ አላየም፤ የተለካው ተሽከርካሪ ተከሳሹ የነዳው ስለመሆኑ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ መከላከል ሳያስፈልገው በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 141 መሠረት በነጻ ተሰናብቷል። ተከሰሰ የተባለ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ እስኪገኝ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል። እንደ ወግ የምንሰማው ነገር ነው። አንዲት ዳኛ ስለ አንድ የ21 ዓመት ልጅ፣ ስለ አንድ ተራ የትራፊክ ክስ ብለው ቁም ነገሬ ብለው ሲሠሩበት ሳይ ግን ደስ አለኝ። በልጄ ነጻ መውጣት ብቻ አይደለም ደስ ያለኝ። ነገ እውነት ያልነዳ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ቢቆም እንደሚደመጥ ስላየሁ ነው።

ልጄ ወጥቶ አቀፈኝ። "አሸነፍን!" አለ። ወንድሜ ጋ ደወለ፣ አባቱ ጋ ደወለ። እኔ ግን ዳኛዋ ያሉትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። በ60 ነድቷል አላሉም። በ82 መንዳቱ አልተረጋገጠም ነው ያሉት። በሁለቱ መሀል ሰፊ ቦታ አለ፤ ፍርድ ቤት እዚያ ቦታ ላይ ያለውን የማወቅ ግዴታ የለበትም። እናት ግን አለባት።

ጣና ዳር ወረድንና አንድ ጭማቂ ቤት ተቀመጥን። ስፕሪስ አዘዝን። እስኪመጣ ጠበቅሁና ጠየቅሁት። "አሁን ዳኛም የለም፣ ዓቃቤ ሕግም የለም። ስንት ነበር የነዳኸው?"

ቶሎ አልመለሰልኝም። ማንኪያውን ያዘ፣ መልሶ አስቀመጠው።

"ሌላው ቪትዝ እውነት ነው እማ። እሱን አልዋሸሁም። አልፎኝ ሲሄድ ግን እኔም ጨመርኩ። ሰባ አምስት ደርሼ ነበር። ከዚያ አላለፍኩም።"

አልጮህኩበትም። ልጮህበት ፈልጌ ነበር። እውነቱን ለመናገር ቢፈራም ተናግሯልና ጩኸቴን ዋጥኩት። ሶፍት አወጣሁና ስክሪብቶ ስጠኝ አልኩት። ድልድዩ 380 ሜትር ነው። በ60 ለመሻገር 23 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ75 ደግሞ 18። "ያተረፍከው አምስት ሰከንድ ነው" አልኩት። "በዚያ አምስት ሰከንድ ምን ሠራህበት?" ሌላውን ቁጥርም ጻፍኩለት፦ ፍሬን ይዞ የሚቆምበት ርቀት በ60 ከሚሆነው ከግማሽ በላይ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እግረኛ በመኪና ፊት ሲመታ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ቢያድግ የመሞቱ ዕድል አራት እጥፍ ተኩል ይሆናል ይላል። 75 ከዚያም ያልፋል። እነዚህን ቁጥሮች ስናገር ድምፄ ተሰበረ። እሱ "የጀሶዋ ልጅ" አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም፣ እኔም አልጨመርኩም።

እዚህ ላይ ለትራፊኮቹና ለአለቆቻቸው የምለው አለኝ፤ በቅሬታ ሳይሆን ከልብ ሥራቸው እንዲሠምር ከመፈለግ ነው። የአንዱ ነጭ ቪትዝ ነጂ፣ ምናልባት በ82 የነዳው ራሱ፣ ያለ ክስ ሄዷል። የእኔ ልጅ በ75 ነድቶ በነጻ ወጥቷል። ሁለቱም የሆነው ትራፊኮቹ ስላልለፉ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ ስለነበረ ነው። መሣሪያውን የያዘው ሰው ስሙንና ፊርማውን ቢያኖር፣ ታርጋውን ቀድሞ ቢናገርና ቢመዘገብ፣ ለችሎት ሁለቱም ቢቀርቡ፣ ያንን ቀን ልጄ ባልተሰናበተ ነበር። ይሄን የምለው እናቱ ነኝ። ልጄ የሚሄድበት መንገድ ላይ የሌሎች ልጆችም ይሄዳሉ፤ ታናሽ እህቱ ራሷ በብስክሌት ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው።

ቤት ስንደርስ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበልኩት። ትምህርቱን እስኪዘጋ ድረስ በብስክሌት ይሄዳል። የአባቱ ፊት ተቀየረ። ልጁ ሲወጣ ጠብቆ "ፍርድ ቤት በነጻ ያሰናበተውን አንቺ ትቀጪዋለሽ?" አለኝ። ፍርድ ቤቱ ያልሰማውን እኔ ሰምቻለሁ አልኩት። "የሰማሽው እኮ ስላመነሽ ነው" አለ። "እውነቱን ስለነገረሽ ከተቀጣ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይነግርሻል?"

ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። አባቱ ልክ ያለው ነገር አለው። እኔም ግን ከሐሳቤ አልተመለስኩም። ጠዋት ልጁን ጠርቼ አባቱ ያለውን ፊት ለፊት ነገርኩት። "ቁልፉን የወሰድኩት ስለነገርከኝ አይደለም፣ ስለነዳህ ነው። ስለነገርከኝ ደግሞ አጎትህም ሆነ ማንም ሰው አይሰማም" አልኩት። ይሄ ጽሑፍ ሲወጣም አስፈቅጄው ነው፤ ስሜን አትጻፊ ብቻ ነው ያለኝ። አባቱ ይሄን ሁሉ ሰምቶ አሁንም አልተስማማም፤ ልጁ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁልፉ ይመለስለት ይላል። እየተከራከርን ነው። ቁልፉ ለጊዜው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አባቱ መኪናውን ሲፈልግ ይጠይቀኛል፤ ልጁ ግን እስካሁን አልጠየቀኝም።